የቱርኳ ኮልት

መርሳ ከተማ ውስጥ መኪናው የታመመበት ሰው አበባውን ይፈልጋል። አበባው የሚገኘው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለው ጋራዥ ነው፤ ግማሽ አካሉ ሚኒባስ ሥር ስለሚውል ደንበኛው ሁሉ ከፊቱ ይልቅ ጫማውን ያውቀዋል። አርባን የተሻገረ፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ፣ ግሪስ ከጥፍሩ ሥር የማይለቅ ሰው ነው። መጠጥ አያበዛም፣ ከሰው አይጣላም። አንዲት አመል ብቻ አለችው፤ የኮልት ሽጉጥ ወሬ ከተነሳ መፍቻውን ጥሎ ከመኪናው ሥር ይወጣል።

ይህችን አመል ያስያዙት አጎቱ አያ ሞላ ናቸው፣ የእናቱ ታላቅ ወንድም። ከግራና ከተማ በላይ ባለው አገር ኮልት የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። አባታቸው በሁለት የእርሻ በሬ የለወጧት፣ ጥቁር፣ እጀታዋ እንጨት፣ ሲይዟት እጅን ወደ መሬት የምትጎትት ከባድ ሽጉጥ ናት። አበባው ልጅ ሳለ አያቱ ሞቱና አያ ሞላ ከግቢው መሐል ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ተኮሱ። ክላሽ እንደሆነ ልፍለፋ ነው፣ ጠጠጠጠ ብሎ ያልፋል። ኮልቷ ግን አንዴ ነው የተናገረችው። ሸንተረሩ ተቀበላት፣ ማዶው መለሰላት፣ ወንዙም ለራሱ አጉረመረመ። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች እንኳ ዝም አሉ። አበባው እናቱ ቀሚስ ሥር ተወሽቆ ነበር፤ ድምፁ በጆሮው ሳይሆን በውስጥ እግሩ የገባ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ነገር ሲባል ትዝ የሚለው ያ ድምፅ ነው።

የምነግራችሁ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት የሆነውን ነው። ያኔ በዚያ አገር ተኩስ ሲሰማ ሰው አልጋ ሥር አይገባም፤ ጆሮውን አቅንቶ "ማን ወለደ? ማን ሞተ?" ይላል እንጂ። የማን መሣሪያ እንደሆነችም በድምጿ ይለያታል። አንድ አባወራ ያለ ተኩስ ከተቀበረ ደግሞ ለቤተሰቡ ውርደት ነው፤ የሙት ዓመቱ ቢወጣ፣ ሐውልቱ ቢቆም የማይሽር ቁስል።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። የአበባው አባት የሞተ ዕለት አገሬው ሁሉ የአያ ሞላን እጅ ይጠብቅ ነበር። የሟች የሚስቱ ወንድም ናቸው፤ ኮልቷም ወገባቸው ላይ ናት። ሬሳው ወጣ፣ ቄሶቹ ፈቱት፣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤ አያ ሞላ እጃቸውን ወደ ወገባቸው አልሰደዱም። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ቀና ብለው፣ "ኮልቷ ከእንግዲህ የምትጮኸው እኔ የሞትኩ ዕለት ነው" አሉ። በቃ። አገሬው እጁን አፉ ላይ ጫነ። እንዲህ ያለ ቃል የሚናገር ሰው ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው እየተባለ ወሬው ግራና ገበያ ደረሰ፤ ክብራቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እህታቸው አለሚቱ፣ የአበባው እናት፣ ግን አልተደነቀችም። "ባሌን እንደ ድመት በዝምታ አስቀበርከው!" አለች በሕዝብ ፊት። "በሚካኤል ምያለሁ! አንተ በሕይወት እያለህ ደጅህን አልረግጥም። የምመጣው የሞትክ ዕለት ነው!"

የወንድምና የእህት ቤት በአንዲት ወንዝ ማዶ ለማዶ ነው፤ የአንዱ ጭስ ከሌላው ደጅ ይታያል። እንዲያም ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ "እንዴት አደርክ" አልተባባሉም። ሽማግሌ ተላከ፣ የንስሐ አባት ተላኩ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ አለሚቱ መሐላዋን፣ አያ ሞላም ኩራታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔን ቢጠይቁኝ ሁለቱንም በአንድ ልምጭ ነበር መግረፍ።

ኋላ አያ ሞላ አልጋ ያዙ። ወልድያ ለሕክምና ተወስደው፣ ሆዳቸው እንዳበጠ ተመለሱ። ያን ጊዜ ኩራቱ ትንሽ ላላና "እህቴን ጥሩልኝ" አሉ። አለሚቱም መልሳ "ሲሞት እመጣለሁ፤ ቃሌ ነው" አለች። አበባው ይህን የሰማ ዕለት የአንድ ባጃጅ ፍሬን ገልብጦ ገጠመ፤ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። እናቱን ያውቃታላ! ከላይ ድንጋይ ናት እንጂ ከውስጥ ቅቤ ናት። ወንድሟ ሳይታረቃት ካለፈ ቀሪ ዕድሜዋን ውስጥ ውስጡን ስትነድ እንደምትኖር ገብቶታል። ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ብትለው እንኳ የሚመልሰው ያው አንድ ነገር ነው፦ "ሳይታረቁ እንዳይሞቱ።"

የቱርክ ሥሪቷን ኮልት የገዛት በዚያ ሰሞን ነው። ዋናዋ ኮልት ብትገኝ ዋጋዋ የደሃ ጆሮ የሚሰማው አይደለም። የቱርኳ ግን መልኳም ቁመቷም ያው፣ የምትጎርሰውም ያንኑ ወፍራም ጥይት ሆኖ፣ ጋራዥ ያለው ሰው ጠንክሮ ከሠራ የሚደርስባት ናት። ፈቃዱን ከወረዳ አውጥቶ ወልድያ ሄዶ ይዟት መጣ። ሐሳቡን ለማንም አልተናገረም፦ አባቱ ያጣውን ተኩስ በዘንድሮው የሙት ዓመቱ ቀን እሱ ሊተኩስለት፣ ምናልባት የእናቱ ልብ በዚያ ቢለዝብ።

ጋራዡ አጠገብ ጎማ የሚሠራው ዓሪፍ ገና ሲያያት ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ወላሂ አበባው፣ ይቺ የኮልት ልጅ ናት ወይስ የኮልት ጎረቤት? ፎርጅድ ጫማ አውቃለሁ፤ ፎርጅድ ሽጉጥ ግን ዛሬ ገና አየሁ!"

"ቆይ፣ ስትናገር ትሰማታለህ" አለ አበባው።

እሑድ ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብለው ወደ ደረቁ ወንዝ ወረዱ። አበባው የዘይት ጀሪካን አፈር ሞልቶ ዳገቱ ሥር አቆመ፣ ራቅ ብሎ ቆመ፣ አቀባበለ፣ ቃታውን ሳበ። ጭጭ! ጥይቷ አንገቷን አጣማ አፏ ላይ ተቀርቅራለች። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ተቀረቀረች።

"ተዋት እባክህ፣ አትበላም፤ ጾም ላይ ናት!" አለ ዓሪፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንባውን እየጠረገ።

አበባው ቤቱ ገብቶ ሽጉጧን ፈታታት። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን ወፍራም ቅባት አጠበላት፤ ጥይቷ የምትገባበትን ሸካራ ብረት በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያለ አለሰለሰ። በሚቀጥለው እሑድ ወደዚያው ወንዝ ተመለሱ። ዓሪፍ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

አበባው ቃታውን ሳበ።

እናንተዬ! እጁ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ትከሻው ተነቃነቀ፣ ዳገቱ አፈር አራገፈ። ጀሪካኑ ከኋላው ተቦትርፎ ተገኘ። ድምፁ ወጣ፣ ሄደ፣ ሩቅ ቦታ ደርሶ ተመለሰ። አበባው አልተንቀሳቀሰም። ያ የልጅነቱ ድምፅ፣ ያ በውስጥ እግሩ የገባው፣ ይኸው ከገዛ እጁ ወጣ! እንዲህ ያለ ነገር የሰው ልጅ እጅ ውስጥ ሊያድር ይገባዋል ወይ ብሎ ፈራ። ቀለሃው መሬት ላይ እየጨሰ ነው፤ የባሩዱ ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቀረ።

"ሱብሃነላህ" አለ ዓሪፍ። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። የናቁት ያስረግዛል ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ድምፅ ሌላ፣ ሰው ሌላ። አበባው ለእናቱ የሙት ዓመቱን ሐሳብ ሲነግራት ዓይኗ ደም ለበሰ።

"የቱርክ? አባትህን በአርቲፊሻል ልትሸኝልኝ? የወንድሜን ኮልት ነው እኔ የጠበቅኩት! ያቺን ከቱባ ወንድሜ ወገብ ነው የጠበቅኳት! ሂድ ወዲያ፣ አባትህ ሁለተኛ አይዋረድም!"

በዚህ አለቀ። አበባው ሽጉጧን ሸሚዙ ሥር ሸጉጦ፣ ከእናቱ ቤት ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ አጎቱን ሊጠይቅ ወጣ። ቅዳሜ ቀን ነበር፤ የአገሬው ሰው በየማሳው አጨዳ ላይ ነው። አያ ሞላ በር አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተጋድመዋል። ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ ኮልቷ በቆዳ ማኅደሯ ተሰቅላለች። ሚስታቸው እንጉዳይ እግራቸውን በቅቤ ታሻሻለች።

"አያ፣ እንዴት ዋሉ?"

"አለሁ። መሞትም ሥራ ሆነብኝ" አሉ። "እናትህስ?"

"ደኅና ናት።"

"ልታየኝ አልመጣች?"

አበባው ሌላ የሚያወራው ቢያጣ ጊዜ ሽጉጧን አውጥቶ ጥይቷን ነቅሎ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

"ምንድን ናት?"

"ቱርክ የሠራት ኮልት ናት፣ አያ። እንዲያው... አስመስለው የሠሯት ናት።"

ይስቁብኛል ብሎ ጠበቀ። አልሳቁም። ክብደቷን መዘኗት፣ ጀርባዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ኋላ ሳቡና ለቀቋት።

"ትጮሃለች?"

"ትጮሃለች።"

"እንደሷ?" አሉ በአገጫቸው ወደ ግድግዳው እያሳዩ።

"እንደሷ ማን ሊጮህ አያ! ግን ትቀርባለች።"

"እስቲ አስማኝ። ወንዙ ውስጥ ውረድና አንዴ ብቻ አስማኝ። ያን ድምፅ ሳልሰማው ልሄድ ነው እያልኩ ነበር።"

የራስዎ ኮልት ከራስጌዎ ተሰቅላ የለም ወይ ብሎ ሊጠይቅ አሰበ፤ ግን ያ ቃላቸው ትዝ አለው፣ የምትጮኸው የሞትኩ ዕለት ነው ያሉት። ይኸን ቃል ካስታወሰ አይቀር ትንሽ ራቅ አድርጎ ማሰብ ነበረበት። አላሰበም። ዓሪፍ ጥርሱ እስኪረግፍ የሳቀባትን የቱርክ ሽጉጥ ማን ከኮልት ጋር ያምታታታል?

ወንዙ ውስጥ ወረደ። ወንዙ ጥልቅ ነው፣ ግራውም ቀኙም ድንጋይ ነው። አፈሙዟን ወደ ባዶው ገደል አድርጎ ተኮሰ።

ሸንተረሩ ተቀበላት። ማዶው መለሰላት። ወንዙ ለራሱ አጉረመረመ። አበባው ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ አያቱ የሞቱበት ግቢ ውስጥ የቆመ መስሎት ሰውነቱን ውርር አደረገው። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ከጸጥታው ኋላ ከላይኛው ማሳ አንዲት ሴት ጮኸች።

"ዋይ! ዋይ! አያ ሞላ! አያ ሞላን!"

በድምፁ ደንግጠው ሞቱ! ገደልኳቸው! አበባው ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልመጣለትም። ሽጉጧን ወገቡ ላይ ሸጉጦ፣ በእጅም በእግርም እየቧጠጠ ዳገቱን ወጣ። ብቅ ሲል አገሩ ተነቃንቋል። ወንዶቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ያዘግማሉ።

"አባቴ፣ ማን ነገራችሁ?" አላቸው።

"ማን ይንገረን! ኮልቷ ተናገረች አይደል? ጆሮ የለህም? ስንት ዘመን ተሸሽጋ ዛሬ ጮኸች። ቃሉን ጠበቀ፣ ጀግና!"

አሁን ገና ገባው። ወደ ወገቡ እጁን ሰደደ፤ ብረቷ እስካሁን ትሞቃለች። በሰው አገር ተሠርታ፣ በሰው ተስቆባት፣ በአንዲት ጥይት አንድ አገር ከማሳው ነቀለች። ሰው ሳይሞት አገር ያስለቀሰ ሟርተኛ ይባላል፤ የአጎት እርግማን ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ያን ጊዜ ማዶውን አየ። ከወዲያኛው ዳገት አንዲት ሴት ቁልቁል ትሮጣለች። ሻሿ ወድቋል፣ ጫማ የላትም፣ ደረቷን ትደቃለች። እናቱ ናት። ስትሮጥ አይቷት አያውቅም።

"ሞልዬ! ወንድም ጋሻዬ! ሞልዬ! ሳላይህ! ሳላይህ!" ትላለች።

ግቢው ሞልቷል። እንጉዳይ ከበሩ ላይ ቆማ "አልሞተም! እናንተ ሰዎች፣ አልሞተም እኮ!" ብላ ትጮሃለች። ማን ይስማት? "እኔን! ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው፤ ያዟት!" ብለው ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አስቀመጧት። አንዲት አልቃሽ ከመሐል ገብታ እጇን እያወናጨፈች አወረደችው፦

"እንዲያ የተከበርክ፣ እንዲያ የተፈራህ፣
ኮልትህ ተናገረች፣ አንተ ምነው ዝም አልህ?"

"ማን ዝም አለ?" አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ። "ጆሮዬን አደነቆራችሁት እንጂ!"

ምን አለፋችሁ፣ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ወደ አጥሩ ሸሸ፣ አልቃሿ ባለችበት ዝርፍጥ አለች። ከሰው ጋር ሮጠው የደረሱት ቄስ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ወደ በሩ ዘረጉ። በዚህ መሐል አለሚቱ ሕዝቡን በክንዷ እየገፋች ደረሰች፤ ማንንም አላየችም፣ ምንም አልሰማችም። አንድ እግሯን የበሩ መድረክ ላይ ልታሳርፍ ስትል መደቡ ላይ የወንድሟን ዓይን አገኘችው። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ያያታል።

እግሯን መልሳ ሳበች።

"አለህ?" አለች።

"አለሁ፣ አለሜ። ግቢ።"

ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ወዲያው ተለውጦ እሳት ሆነ። "አለህና ተኮስክ? ለባሌ ሬሳ የነፈግካትን ጥይት ዛሬ ለጨዋታ ተኮስካት? በቁሜ ልትገድለኝ ነው?"

"እናቴ፣ እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ" አለ አበባው ከኋላዋ። ሽጉጧን አወጣት። "የቱርኳ ናት የጮኸችው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዳንዱ አላመነም፤ አንዱማ "ያቺን ድምፅ እኔ አላውቃትም?" ብሎ ተቆጣ። አያ ሞላ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ።

"አበባው፣ ኮልቷን አውርዳት። ውሰድና ደጅ ላይ ተኩሳት። በቃ ይለይለት።"

አበባው ከማኅደሯ አወጣት። በሕይወቱ ሲመኛት የኖረውን ኮልት መጀመሪያ የነካት ያን ጊዜ ነው። ወደ ኋላ ሊስባት ሞከረ፤ ተጣብቃለች። በጉልበቱ ደግፎ ሲስባት ዝገት እንደ ቡና ገለባ መዳፉ ላይ ፈሰሰ። ውስጧን አየ፤ ጥይቷን የምትመታዋ መርፌ የለችም። ቀና ብሎ አጎቱን አያቸው።

"የለም አይደል?" አሉ አያ ሞላ። ድምፃቸው እንዲህ ቀንሶ ማንም ሰምቶ አያውቅም። "ባልሽ ሳይሞት በፊት ነው የተሰበረችው፣ አለሜ። የሚሠራት አጣሁ፤ ለማንም ማሳየት አፈርኩ። አገር የሚያከብረኝ በሷ ነው ብዬ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እጄን ሲያይ ላብ አጠመቀኝ፤ ያን ቃል የተናገርኩት መግቢያ ባጣ ነው። ከዚያ ቃሉ ትልቅ ሆነብኝ፤ መመለሻ አጣሁ።"

ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን የተፈሩበት፣ ድንበር ሲገላግሉ ሁለቱም ወገን ወገባቸውን አይቶ እሺ ያለበት ብረት ባዶ ነበር። አበባው ቆሞ አሰበው። ሰዎቹ ለካ እሺ ሲሉ የኖሩት ለሰውዬው ነው! ይህን ግን አያ ሞላ ራሳቸው ያወቁት አልመሰለውም።

አለሚቱ ኮልቷን ከልጇ እጅ ተቀበለች። ገለባበጠቻት። ከዚያ ከወንድሟ በር መድረክ ውጭ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለች። "ለኔ ብትነግረኝ! ለማን እነግርብሃለሁ?"

"ግቢና ውቀሽኝ።"

"አልችልም።" አሁን ቁጣ አልነበረባትም፤ ልመና ነበር የሚመስለው። "በሚካኤል ምያለሁ እኮ፣ ሞልዬ። በሕይወት እያለህ ደጅህን አልረግጥም ብያለሁ። እንዴት አድርጌ?"

ቄሱ አንገታቸውን አቀረቀሩ። የሚካኤል መሐላ እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚፈታ አይደለም። ይህን ሁሉ ሩጣ፣ ይህን ሁሉ አልቅሳ፣ አንድ ክንድ ቀርቷት ልትመለስ ነው?

አያ ሞላ በክርናቸው ቀና ለማለት ታገሉ። እንጉዳይ ደገፈቻቸው። በበሩ አሻግረው ሕዝቡን አንድ በአንድ አዩት።

"እስቲ ዙሪያሽን ተመልከቺ፣ አለሜ" አሉ። "ነጠላው ተዘቅዝቋል። ሙሾው ወርዷል። ቄሱ መጥተዋል። አገር አጨዳውን ጥሎ ደርሶ አልቅሶልኛል። አንቺም ከማዶ 'ሞልዬ' እያልሽ ስትመጪ ሰምቼሻለሁ። አገር ያለቀሰለት ሰው ምን ቀረው? ጉድጓዱ ብቻ። እኔ ሞቻለሁ፤ ግቢ።"

አለሚቱ ወደ ቄሱ ዞረች። ቄሱም ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ መሬት አዩ፣ "እንግዲህ... ለቅሶ መድረስ አይከለከልም" አሉ።

እሷም ተነሳች። አቧራውን ከቀሚሷ አራገፈች። መድረኩን ተሻገረች፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የወንድሟን እጅ አንስታ አጥንቱን ዳበሰችው።

"ምነው እንዲህ ከሳህ?" አለችው።